ቢ1 ላይ ያለ ተማሪ ምን እያጠና ነው?

ባለፈው ዓመት አጋማሽ ላይ አንዲት የቀድሞ ተማሪያችን ከእናቷ ጋር ቢሮዬ መጣች። እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጀርመንኛ የምታጠና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እናትየው ገና ሳይቀመጡ፣ «መምህር፣ ይህቺ ልጅ ትምህርቱን ልተወው ነው እያለች ነው፤ እባክዎ ይምከሩልኝ» አሉኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ አንደኛ ዓመት ላይ እኮ ጎበዝ ነበርኩ። አሁን ግን ባጠናሁ ቁጥር የማላውቀው እየበዛ ሄደ» አለች። እናትየው ደግሞ የራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው፦ «ለመሆኑ ይህን ስትጨርስ ጀርመን ትሄዳለች?»

ሁለቱንም በቅጡ አልመለስኩላቸውም። «በርቺ» ብዬ ሸኘኋት፤ «በርቺ» ደግሞ መልስ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው የመጡ ወላጆችና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስላሉ፣ ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ለዘንድሮው መጽሔታችን ጻፍኩት።

በከተማችን ጀርመንኛ መማር የሚፈልግ ሰው ሁለት ዋና ዋና በሮች ነበሩት። አንደኛው በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የአርትስ ፋኩልቲ ውስጥ ያለው የጀርመንኛ ክፍል ነው፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2023 እዚህ ይሠራ የነበረው ጎተ ኢንስቲትዩት ነው። በየትኛውም በር ይግቡ፣ የሚለኩበት መስፈሪያ አንድ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቋንቋ መመዘኛ ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ ኤ1 እና ኤ2 ጀማሪ፣ ቢ1 እና ቢ2 መካከለኛ፣ ሲ1 እና ሲ2 ከፍተኛ ናቸው። ጎተ ኢንስቲትዩት በሚሰጠው ግምት አንድ ተማሪ ከዜሮ ተነስቶ ቢ1ን ለመጨረስ ከ350 እስከ 650 የሚደርሱ የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች ያስፈልጉታል። በ350 እና በ650 መካከል ያለውን ስፋት ልብ በሉ። ጎበዝና ሰነፍ የሚለይበት ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ቀድሞ ምን ቋንቋ ይዞ መጣ የሚለውም አለበት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ጀማሪ ሳሉ ሁሉ ነገር ደስ ይላል። ስምን መናገር፣ ቡና ማዘዝ፣ ሰዓት መጠየቅ፤ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ነገር በእጅ ይገባል፣ ቤተሰብም ያጨበጭባል። መካከለኛው ደረጃ ላይ ሲደረስ ጭብጨባው ይቆማል። እኔ ራሴ በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ጀርመንኛ በማታ ጀምሬ ልክ እዚህ ቦታ ላይ የተውኩት ሰው ነኝ። አስተማሪዬን ወይም የፈተና ጊዜን ሰበብ ሳደርግ ኖሬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ማወቄ ሳያንስ፣ አለማወቄ መታየት መጀመሩ ነው ያሸነፈኝ።

ለመሆኑ እዚያ ደረጃ ላይ የሚጠናው ምንድን ነው? ዋናው ነገር የዓረፍተ ነገር አሠራር ነው። ጀርመንኛ በተራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሱን ሁለተኛ ቦታ ላይ ያስቀምጣል። «ምክንያቱም»፣ «ምንም እንኳ»፣ «እንደ» የሚሉ ማያያዣዎች ሲገቡ ግን ግሱ እስከ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይገፋል፤ ሰሚው ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ እስከ መጨረሻዋ ቃል መጠበቅ አለበት። እንግሊዝኛን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ በዚህ ይንገላታል። የእኛ ልጅ ግን አማርኛው ሁልጊዜም ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያኖረው፤ «እናቴ ትናንት ከገበያ የገዛችውን ሽንኩርት…» ተብሎ ሲጀመር ተላጠ ይሁን ተጣለ ሳያውቅ በትዕግሥት መጠበቅን ከሕፃንነቱ ለምዶታል።

አክብሮትን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ጀርመኖች ለቅርብ ሰው «ዱ»፣ ለማያውቁት ወይም ለሚያከብሩት ሰው «ዚ» ይላሉ። ይህ የአክብሮት «ዚ» ግን «እነርሱ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው፣ ግሱም የብዙ ቁጥር ግስ ነው። ተማሪዎች እዚህ ላይ ሲደናገሩ አይቻለሁ፤ ለእኛ ግን ምን አዲስ ነገር አለው? «እነርሱ ይመጣሉ» እንላለን፣ «እርስዎ ይመጣሉ»ም እንላለን፤ «ይመጣሉ» አንድ ናት። ለአስተማሪው «ዱ» ብሎ የሚያፍር የሱዳን ወይም የእንግሊዝ ተማሪ ሕጉን ሸምድዶ ነው፤ የእኛ ልጅ ሽማግሌን «አንተ» ማለት የሚያስከትለውን ከቤቱ ያውቀዋል። ልዑል ዶክተር አስፋወሰን አሥራተ ካሣ አዲስ አበባ በሚገኘው የጀርመን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በኋላም ጀርመን አገር ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ሥነ ሥርዓትና ስለ ጨዋነት «ማኒረን» የተባለ መጽሐፍ በጀርመንኛ አሳትመዋል። በማግስቱ ዓመትም የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጀርመንኛ ላልሆነ ጸሐፊዎች ይሰጥ የነበረውን የሻሚሶ ሽልማት አግኝተዋል። ጀርመኖች ስለ ራሳቸው ጨዋነት ከአንድ ኢትዮጵያዊ መጽሐፍ ማንበባቸው ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

አማርኛው የማያግዝበት ቦታም አለ፤ እዚያ ላይ ደግሞ ካርቱም ማደጋችን ይረዳናል። ጀርመንኛ ስሞችን በሦስት ጾታ ይከፍላል፦ «ዴር» ተባዕት፣ «ዲ» አንስት፣ «ዳስ» ደግሞ ሁለቱንም ያልሆነ። ፀሐይ አንስት ናት፣ ጨረቃ ግን ወንድ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጨረቃን «ወጣች» ማለት ስለለመደ ይከብደዋል፤ በዓረብኛ ግን ሸምስ አንስት፣ ገመር ወንድ መሆኑን ጅሬፍና ዴም ያደጉ ልጆቻችን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ቁጥርም እንደዚያው ነው፤ ጀርመኖች ሃያ አምስትን «አምስትና ሃያ» ብለው ነው የሚቆጥሩት፤ ዓረብኛውም «ኸምሳ ወ ዒሽሪን» ነው። ከጉሮሮ የሚወጣው «ኽ» ድምፅም እንግሊዞችን ሲያስቸግር ይኖራል፣ የምንኖርበት ከተማ ስም በዓረብኛ የሚጀምረው በዚሁ ድምፅ ነው። ይህን ሁሉ ብዬም ግን «ዴር» የትኛው ጊዜ «ዴን»፣ የትኛው ጊዜ «ዴም» እንደሚሆን፣ ቅጽሎቹም ከዚያ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጡ ማጥናት የግድ ነው። ለዚህ አቋራጭ የለውም፣ ተቀምጦ መጻፍ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባህሉ ልሂድ። ብዙ ሰው «የጀርመን ባህል» ሲባል ሰዓት ማክበር ይመስለዋል። ያም ይኖራል፤ በመካከለኛ ደረጃ ዋናው የባህል ትምህርት የሚገኘው ግን በንባብ ነው። በዚህ ደረጃ ብዙ ተማሪዎች ከሚያነቧቸው ጽሑፎች አንዱ ቮልፍጋንግ ቦርሸርት እ.ኤ.አ. በ1946 የጻፈው «ዳስ ብሮት» የሚባል አጭር ልብ ወለድ ነው፤ «ዳቦው» ማለት ነው። ጸሐፊው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሕመም ተጎድቶ የተመለሰ ወጣት ሲሆን በ1947 በ26 ዓመቱ ሞተ። ታሪኩ ከሁለት ገጽ ብዙም አይበልጥም። ከጦርነቱ በኋላ ባለው የረሀብ ዘመን አንዲት ሴት ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከእንቅልፏ ትነቃለች። ባሏ አጠገቧ የለም። ወደ ማእድ ቤት ስትሄድ ባሏ በሌሊት ልብሱ ቆሟል፤ ጠረጴዛው ላይ ቢላዋ፣ ንጹሕ በነበረው የጠረጴዛ ልብስ ላይ ደግሞ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። ለ39 ዓመት በትዳር የኖሩ ናቸው። ሰውየው ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ ነው ብሎ ይዋሻል። እሷም ነገሩ ገብቷት ሳለ ያመነች መስላ መብራቱን ታጠፋለች። አልጋ ላይ ተኝተው ቀስ ብሎ ሲያላምጥ ትሰማዋለች፤ የተኛች እንድትመስል በረጅሙ ትተነፍሳለች። በማግስቱ ምሽት ከተለመደው ሦስት ቁራሽ ፈንታ አራት ታቀርብለታለች፤ ይህ ዳቦ አይስማማኝም ብላ።

ልጅቷ ከወራት በኋላ ለብቻዋ ተመልሳ ስትመጣ የነገረችኝ ስለዚህ ታሪክ ነው። ቃላቱ ቀላል ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሮቹም አጫጭር። ክፍል ውስጥ መምህሯ፣ ሴቲቱ ለምን እውነቱን አትናገርም ብለው ጠየቁ። አንዱ ፈርታ ነው አለ፣ ሌላው ስለማትወደው ነው አለ። የዳቦ ሰልፍ ምን እንደሆነ ካርቱም ውስጥ ለማንም መንገር አያስፈልግም፣ ረሀቡ ለሁሉም ገብቷቸዋል። የእኛ ልጅ አእምሮ ውስጥ ግን አንድ ቃል መጣ፦ ገበና። ሴትዮዋ ገበናውን ሸፈነችለት። እጇን አወጣች፤ ቃሉን በጀርመንኛ ግን አላገኘችውም። መዝገበ ቃላት ፈልጋ አጣች። «ስለዚህ ጋሼ፣ ዙሪያውን ሄድኩ» አለችኝ። «ባሏ በፊቷ እንዲያፍር ስለማትፈልግ፣ ያየችውን እንዳላየች አደረገች» የሚል ረጅም ዓረፍተ ነገር ሠራች፤ ሁለት ጊዜ ግሱን ከቦታው አሳተች፣ መምህሯም አረሟት፣ ክፍሉም ዝም ብሎ አዳመጣት።

መካከለኛ ደረጃ ማለት ይህ ነው። ጀማሪ ቃል ሲጠፋበት ይቆማል። መካከለኛው ቃሉ ባይኖረውም ዙሪያውን ሄዶ ሐሳቡን ያደርሳል። በመመዘኛው ውስጥም ከቢ1 ተማሪ የሚጠበቅ ችሎታ ሆኖ የተጻፈ ነው። ልጅቷ «የማላውቀው እየበዛ ሄደ» ያለችው እውነት ነበር፤ የምታውቀው ሲሰፋ የማታውቀው ጠርዝም አብሮ ይሰፋል። ያን ቀን ይህን ብነግራት ኖሮ የጥቂት ወራት ጭንቀት ባዳንኳት ነበር።

የእናትየውን ጥያቄም በግልጽ ልመልስ። ጀርመንኛ በቢ1 ደረጃ መጨረስ ብቻውን ጀርመን አያደርስም። የቢ1 ፈተና ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ከ100 ቢያንስ 60 ማምጣት ይገባል፣ አራቱንም በአንድ ቀን መፈተን ግን ግዴታ አይደለም፤ በየተራ መውሰድ ይቻላል። ጀርመን ውስጥ የነርስነት ሙያ ሥልጠና ለመጀመር አብዛኛውን ጊዜ ቢ1 ወይም ቢ2 ይጠየቃል። በጀርመንኛ የሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለመግባት ግን በአብዛኛው ወደ ሲ1 የሚጠጋ ደረጃ ያስፈልጋል፤ ቴስትዳፍ በሚባለው ፈተና በአራቱም ክፍሎች 4 ነጥብ ማለት ነው። የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱ በቀጥታ የማያስገባ ከሆነ ደግሞ ሽቱዲየንኮሌግ የሚባል የመሰናዶ ዓመት አለ። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ክፍለ ግዛት ግን ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ከሁሉ የሚከብደው የዓመት መኖሪያ ገንዘብ በዝግ ሂሳብ ማስቀመጥ ነው፤ መጠኑ በየጊዜው ስለሚለወጥ በማመልከቻው ወቅት ማረጋገጥ ይገባል። «ገንዘቡን ስጡኝ፣ ቪዛውን እኔ እጨርሳለሁ» የሚል ሰው ቢመጣባችሁ ግን ለእሱ ከመክፈላችሁ በፊት እኔ ዘንድ ኑ፣ አብረን ወረቀቱን እናንብብ።

ከዚህ ሁሉ ለወላጆች የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ልጆቹ የውጭ ቋንቋ እንዲይዙ ብላችሁ ቤት ውስጥ አማርኛውን አትቀንሱባቸው። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ጋር ተገናኙ፣ በ1652ም ጎታ በምትባል የጀርመን ከተማ ተቀመጡ። መነጋገሪያቸው ግእዝ ነበር፤ ለሁለቱም የዕለት ተዕለት መግባቢያ ያልሆነ ቋንቋ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን ከእሳቸው በተማረው ላይ ተመሥርቶ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ በፍራንክፈርት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ አማርኛቸውን በጀርመን አገር ረስተውት ቢሆን ኖሮ ሉዶልፍ ምን ይጽፍ ነበር?

ልጅቷ በሁለተኛው ጊዜ ስትመጣ ደብተሯን አሳየችኝ። እያንዳንዱን ገጽ በሦስት ከፍላዋለች፦ ጀርመንኛ፣ ዓረብኛ፣ አማርኛ። አንዳንዱ መስመር ላይ ዓረብኛው ባዶ ነው፣ አንዳንዱ ላይ አማርኛው። «ገበና» በአማርኛው ዓምድ ውስጥ ተጽፋለች፤ ከፊቷ ያለው የጀርመንኛ ቦታ ክፍት ነው። ሁለት የፈተና ክፍሎች፣ ማንበብና ማዳመጥ፣ አልፋለች፤ መጻፍና መናገር ይቀሯታል። በሚመጣው ዓመት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ለ11ኛ እና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለአንድ ሰዓት ጀርመንኛ ለማስጀመር ፈቃደኛ ሆናለች። መመዝገብ የምትፈልጉ ስማችሁን ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ስጡ። እኔም ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ካቆምኩበት ለመቀጠል።