ያውቁ ኖሯል? ከጎርፉ የሚቀድም ቁጥር

ከደሴ ተነስቶ በውርጌሳ፣ በመርሳና በስሪንቃ በኩል ወልድያ የሚገባ መንገደኛ በክረምት አንድ ነገር ያስተውላል። በግራው ተራራው ጠቁሯል፤ በቀኙ ወደ አፋር በሚወርደው ቆላ ላይ ፀሐይ ወጥታለች፤ ከፊቱ ያለው ወንዝ ግን እየደፈረሰ ነው። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ አደጋው የሚደርሰው ታች ነው። በሁለቱ መካከል ያለችውን ጊዜ አስልቶ ለሰው ሕይወት ማዋል ይቻላል። ይህ አምድ ስለዚያና ሌሎች አደጋዎችን ስለሚቀድሙ ስሌቶች ነው።

● አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ኢምንት ይመስላል። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ ግን አንድ ሊትር ነው። በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር ላይ፣ 2,500 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 125 ይሞላል። 40 ሚሊ ሜትር በጣለበት ቀን በዚያች ጥማድ ላይ 5,000 ጀሪካን ውሃ ወርዷል።

● ከዚያ ውሃ ምን ያህሉ ሰርጎ ምን ያህሉ ጎርፍ እንደሚሆን መሐንዲሶች የሚያሰሉበት ቀመር አላቸው። በአሜሪካ የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፣ ለአፈሩና ለሽፋኑ ከ100 የማይበልጥ ነጥብ ይሰጣል። 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነጥቡ 60 በሆነ፣ በደን በተሸፈነ ተዳፋት ላይ ቢወርድ ጎርፍ የሚሆነው 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያው ዝናብ ነጥቡ 85 በሆነ የተራቆተ መሬት ላይ ሲወርድ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ጎርፍ ይወጣዋል። ስምንት እጥፍ ገደማ ማለት ነው! ተራራው ላይ የሚሠራ እርከንና የሚከለል ቁጥቋጦ ታች ላለችው ከተማ ግድብ ነው።

● መርሳና ስሪንቃ ያሉበት ሀብሩ ወረዳ በሁለት ወንዞች መካከል ያለ ምድር ነው፤ በሰሜን አላውሃ ከራያ ቆቦ፣ በደቡብ ሚሌ ከደቡብ ወሎ ይለዩታል። በእንዲህ ያለ አገር ጎርፍ ቀጠሮ አለው። በሰከንድ ሁለት ሜትር የሚጓዝ ደራሽ 12 ኪሎ ሜትር ለመውረድ 100 ደቂቃ ይፈጅበታል። ላይ ያለ ሰው ስልክ ቢደውል፣ ታች ያለ ሰው ከብቱን ከወንዝ ዳር አውጥቶ ልጁን ከመሻገሪያው ለመመለስ ይበቃዋል።

● የውሃው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋበት ኃይል በአራት እጥፍ ያድጋል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ጎልማሳን የሚጥለው ለዚህ ነው። «ትናንት ተሻግሬዋለሁ» የሚል ሰው ጥልቀቱን እንጂ ፍጥነቱን አልለካም።

● «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል መቶ ዓመት ቆይቶ የሚመጣ ማለት አይደለም። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። በወንዝ ዳር ቤት ሠርቶ 30 ዓመት የሚኖር ቤተሰብ በዚያ ዘመን ውስጥ ይህን ጎርፍ የማየት ዕድሉ 26 በመቶ ነው። ከአራት ቤተሰብ ለአንዱ ማለት ይቀላል።

● ለመሬት መንቀጥቀጥም እንዲሁ ይሰላል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ አፍርሶ፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሰነጣጥቆ ነበር። መርሳና ወልድያም የተቀመጡት በዚያው የስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ የሚያሰላው በ100 ዓመት ድግግሞሽ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካው ደንብ ወደ 475 ዓመት ከፍ አድርጎታል። ይህም በ50 ዓመት ውስጥ የመከሰት ዕድሉ 10 በመቶ ለሆነ መንቀጥቀጥ መዘጋጀት ማለት ነው።

● የመሬት መንሸራተት በአንድ ማካፈል ይለካል፤ አፈሩን የሚይዘው ኃይል ቁልቁል ለሚጎትተው ይካፈላል። ውጤቱ ከ1 በታች ሲወርድ ተራራው ይሄዳል። ዝናብ ሁለቱንም ያበላሻል፤ አፈሩን ያከብደዋል፣ መያዣውንም ያላላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ የሆነውን አንረሳም። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተረባረቡ ወገኖች በሁለተኛው ናዳ ተዋጡ፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። አንዴ የተንሸራተተ ተዳፋት ገና አልረጋም። ይህን እውነት በገደል ሥር ያለ ቀበሌ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

● በረሃብ ጥናት ዓለም ከሚያውቃቸው ስሌቶች አንዱ ወሎን መነሻ አድርጓል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ1965–66ቱን የወሎ ረሃብ መርምሯል። በረሃቡ ጊዜ የደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይጫን እንደነበረም የሚያሳዩ መረጃዎችን አቀረበ። ገበሬው ሰብሉ ሲከዳው የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጣ። ስለዚህ ዛሬ ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚሰጡ ሰዎች ሰማዩን ብቻ አያዩም። አንድ ፍየል ስንት ቁና ማሽላ ታወጣለች? የቀን ሠራተኛ በደመወዙ ምን ይሸምታል? እነዚህም ወደ ቀመሩ ይገባሉ።

● ሰብል «ጠጥቶ ጠግቧል ወይስ ተጠምቷል?» የሚለው ጥያቄም ቁጥር አለው። ሰብሉ እስኪደርስ 400 ሚሊ ሜትር ውሃ የሚያስፈልገው ሆኖ 300 ብቻ ካገኘ ነጥቡ 75 ነው። ከ50 በታች ከወረደ ሰብሉ እንደጠፋ ይቆጠራል። መንግሥት ከዓለም የምግብ ፕሮግራምና ከዓለም ባንክ ጋር በ2000 ዓ.ም. ሥራ ላይ ያዋለው «ሊፕ» የተባለ የኮምፒውተር ስሌት እንዲህ ካለው ነጥብ ተነስቶ ስንት ሰው እርዳታ እንደሚሻ አስቀድሞ ለመገመት የተሠራ ነው።

● እ.ኤ.አ. በ2006 ኢትዮጵያ በድርቅ ላይ ኢንሹራንስ ተገብቶላት ነበር። የዓለም የምግብ ፕሮግራም አክሳ ሪ ለተባለው የመድን ኩባንያ 930,000 ዶላር አረቦን ከፈለ፤ በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የተለካው ዝናብ ከተወሰነው በታች ቢወርድ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ይከፈል ነበር። ያን ዓመት ዝናቡ ደግ ሆነና ክፍያ አላስፈለገም። ሆኖም ረሃብ እስኪታይ ሳይጠበቅ፣ ገና በዝናቡ ልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል አሳየ። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ብሂላችን በውል ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

● የወቅት ትንበያ ቃል ኪዳን አይደለም። «ከመደበኛ በታች 45 በመቶ» የተባለ ክረምት መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ የመሆን ዕድሉ 55 በመቶ ነው። ብልህ ገበሬ እንዲህ ሲሰማ መሬቱን ይከፍላል፤ በአንዱ እርሻ ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ፣ በሌላው ቶሎ የሚደርስ ይዘራል። በሀብሩ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዝናብ አጠር ቆላ ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ በዚያው ወረዳ ባለው የጊራና ሸለቆ ስም «ጊራና-1» ይባላል።

● አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ የበረሃ አንበጣ መንጋ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። መንጋው ከነፋስ ጋር ስለሚጓዝ፣ የነፋስ ስሌት ነገ የት እንደሚያርፍ ይጠቁማል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በአየር ትንበያ ሞዴሎች መንጋውን ይከታተል ነበር። በዚያው ዘመን በሰሜን ወሎ ቆላ ሰው በጅራፍና በቆርቆሮ ጩኸት ማሽላውን ሲከላከል አይተናል።

● እ.ኤ.አ. በ1958 የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ወደ 150,000 የሚጠጋ ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ ዓመቱ ዝናብና ሙቀት የበረታበት ነበር። ዛሬ ዝናብን፣ ሙቀትንና የጤና ጣቢያ ሪፖርትን አዋህዶ ከሳምንታት በፊት የሚያስጠነቅቅ ሞዴል በአማራ ክልል ወረዳዎች ተሞክሯል።

● ብዙዎቹ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎቻችን ያሉት በዋና መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ነው፤ ዝናቡ የሚበረታበት ገደል ግን ከመንገድ ይርቃል። የአየር ንብረት ተመራማሪው ዶ/ር ቱፋ ዲንቁና ባልደረቦቻቸው ከሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ጋር የጣቢያውን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕደው፣ ሀገሪቱን በየ4 ኪሎ ሜትሩ የሚሸፍን ከ30 ዓመት በላይ የዝናብ መዝገብ አዘጋጅተዋል። ሳተላይቱ የሚገምተውን የሚያርመው መሬት ላይ ያለው ሰው ነው። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት መለኪያውን ከፍቶ፣ ውሃውን ለክቶ የሚጽፍ ሰው!

● ይህን ሥራ በየትምህርት ቤቱና በየደጃችን መጀመር እንችላለን። ጎኑ ቀጥ ያለ የቆርቆሮ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርገው፣ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ አስደግፈው ያኑሩ። ጠዋት ጠዋት በማስመሪያ ጥልቀቱን ለክተው በደብተር ይጻፉ፤ አፉ ቢሰፋም ቢጠብም ሚሊ ሜትሩ ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ አይርሱ። ያልዘነበ ቀን «0» ተብሎ ይጻፋል፤ ባዶ አይተውም። «0» ማለት ታይቶ ዝናብ አልነበረም ማለት ነው፤ ባዶ ማለት ግን ያየ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ድርቅን የሚናገሩት እነዚያ በተከታታይ የተጻፉ ዜሮዎች ናቸው።