ለሦስት ሰው አንድ ቁም ሣጥን

ፊደል ለማስተማር ተመድበን ወደ ገጠር ከመጣን ወዲህ፣ ማታ ማታ ከትምህርት በኋላ ብዙ ጥያቄ ይቀርብልናል። አንድ ማታ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን።

«ልጆቼ፣ ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ክፍል ታድራላችሁ አሉ። ታዲያ ልብሱን የት ያደርገዋል? ምንስ ልስደድለት?»

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ግን ትንሽ አይደለም። እኛም በዚሁ ነገር አንድ ጊዜ ሰው አሳዝነናል። ስለዚህ ያየነውን እንንገራችሁ።

ክፍላችን ምን ይመስላል?

በክፍላችን ውስጥ 3 ተደራራቢ አልጋዎች አሉ። ተደራራቢ ማለት እንደ ቆጥ አንዱ በአንዱ ላይ የተሠራ አልጋ ነው። ስለዚህ 6 ሰው ይተኛበታል። ቁም ሣጥን ግን 2 ብቻ ነው። ቁም ሣጥን ማለት ቁመት ያለው፣ መዝጊያ የተገጠመለት የልብስ ማስቀመጫ ነው። አንዱ ለ3 ሰው ይደርሳል። የእኛው ቁመቱ 3 ክንድ ተኩል፣ ስፋቱ 4 ስንዝር፣ ወደ ውስጥ ደግሞ 1 ክንድ ነው።

ሦስታችንም ከተለያየ አገር ነው የመጣነው። አንዱ ከመንዝ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይዞ መጣ። አንዱ ከጎጃም እናቱ ፈትለው ያሠሩለትን ጋቢ ይዞ መጣ። ሦስተኛው የከተማ ልጅ ነው፤ ጫማና መጽሐፍ አብዝቶ መጣ። ማንም ማንንም «ቦታህ የቱ ነው?» ብሎ አልጠየቀም። እያንዳንዱ ዕቃውን ባገኘበት ወረወረ።

የጋቢው ነገር

በጥቅምት አንድ እሑድ የጎጃሙ ልጅ ጋቢውን አጥቦ አሰጣና ለጥናት ሄደ። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። እኛ ሁለታችን ልንረዳው ብለን ጋቢውን ከገመዱ ላይ አነሳን። ከላይ ስንዳስሰው የደረቀ መሰለን። አጥፈን ከቁም ሣጥኑ ታች ከተትነው። በላዩም ጫማና ሻንጣ ጫንንበት። ልጁ ሲመለስ «ጋቢህን አስገብተንልሃል» አልነው፤ አመሰገነን።

በኅዳር ውርጩ ሲጠነክር ጋቢውን አወጣው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ነጩ ጋቢ ጥቁር ነጠብጣብ ወርሶታል። ልጁ አልተቆጣንም። አልጋው ላይ ተቀመጠና «እናቴ ይህን የፈተለችው ክረምቱን ሙሉ፣ ማታ ማታ በኩራዝ ነው» አለን። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ቢቆጣን ይሻለን ነበር።

ሻጋታ ከየት ይመጣል?

ሻጋታ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ዘሩ ለዓይን አይታይም፤ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በየልብሱም ላይ ያርፋል። ደረቅ ልብስ ላይ ካረፈ አይበቅልም። እርጥበት፣ ጨለማና አየር የማይዘዋወርበት ቦታ ካገኘ ግን ይበቅላል። ጋቢ ድርብ ስለሆነ ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ሊሆን ይችላል። እኛን ያታለለን ይህ ነው።

ታዲያ ልብስ መድረቁ በምን ይታወቃል? የታጠፈውን ወይም የተሰፋውን ቦታ ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት። ከቀዘቀዛችሁ ገና እርጥብ ነው። ዳግም ይሰጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።

ቦታውን እንዴት አከፋፈልነው?

በማግስቱ ሦስታችንም ተሰብስበን ቁም ሣጥኑን ባዶ አደረግነው። ዕቃውን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግተን ከ4 ለየነው፤ የዘወትር ልብስ፣ የብርድ ልብስ፣ ያደፈ ልብስ፣ ልብስ ያልሆነ ዕቃ። ያን ጊዜ ጉድ አየን። 3 ቆርቆሮ የጫማ ቀለም፣ 3 ብሩሽ፣ 3 የልብስ ሳሙና ተገኘ። አንድ አንድ ይበቃ ነበር። በየጊዜው የማይፈለገውን ዕቃ በሻንጣ አድርገን ከአልጋ ሥር አስገባነው።

በመጀመሪያ ላዩን ለአንዱ፣ መካከሉን ለሌላው፣ ታችኛውን ለሦስተኛው ልንሰጥ አስበን ነበር። ነገር ግን የታችኛው የደረሰው ሰው የሁሉንም አቧራና የወለሉን እርጥበት ይቀበላል። ይህ ፍርድ አይሆንም። ስለዚህ ላይና ታቹን በዕቃው ዓይነት ለየነው፤ ጎንና ጎኑን ደግሞ በሰው አከፋፈልነው። ከላይ ወረቀትና መጽሐፍ፣ ከመካከል ልብስ፣ ከታች ጫማ ሆነ።

የጎኑንም በጣት ለካን። 1 ስንዝር 12 ጣት ነው። 4 ስንዝር 48 ጣት ይሆናል። 48 ለ3 ሲካፈል 16 ይደርሳል። ይህም ማለት ለእያንዳንዱ ሰው 1 ስንዝር ከ4 ጣት ነው። ወሰኑን በቀለም ክር አሰርነው። ከዚያ ወዲህ «ቦታዬን ወሰድክ» የሚል ጠብ ቀረ።

ልብሱን መደራረብም ተውን። በተደራረበ ልብስ ውስጥ የታችኛውን ስትስቡ የላዩ ይናዳል። አሁን አጥፈን እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን እናቆመዋለን። ሁሉም ይታያል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው አይነካም። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው 4 ጣት አራቅነው፤ ከሥሩም ጡብ አደረግንለት። አየር ይዘዋወርበት ብለን ነው።

ያደፈ ልብስ ለምን ይለያል?

ያደፈውን ልብስ በየግላችን ከረጢት እናደርጋለን እንጂ ቁም ሣጥን ውስጥ አናስገባም። ይህ ለመልክ ብቻ አይደለም። የልብስ ቅማል የምትኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። ከአንዱ ልብስ ወደ ሌላው ስትሻገር ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን ልታዛምት ትችላለች።

ይህ በምን ታወቀ? ሻርል ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ከተማ ይሠራ ነበር። የተስቦ በሽተኞች ሐኪም ቤት ገብተው ገላቸውን ሲታጠቡና ልብሳቸው ሲለወጥ፣ በሽታው ከእነርሱ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉን እንደሚያቆም አስተዋለ። ነገሩ ያለው ልብሱ ላይ ነው ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 በሽታውን የምታስተላልፈው ቅማል መሆኗን በምርምር አረጋገጠ። በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ስለዚህ ቅማል የገባበትን ልብስ በፈላ ውሃ ማጠብና የእያንዳንዱን ሰው ልብስ መለየት ጤና መጠበቅ ነው።

ባናውን የሚበላው ብል ነው። የምትበረው ትንሿ ቢራቢሮ ልብስ አትበላም። የሚበላው ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው። ትሉ ጠጉር ይወዳል፤ ላብና ቅባት ያለበትን ደግሞ አብልጦ ይወዳል። ስለዚህ ባና ከመቀመጡ በፊት ይታጠባል፤ በየጊዜውም እየወጣ ይራገፋል፤ ፀሐይ ይመታዋል።

ለቤታችሁስ?

በአንድ ቤት ብዙ ሆኖ መኖርን እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ቁም ሣጥን ባይኖር፣ ግድግዳ ላይ የተሰካ የእንጨት መስቀያ ልብስን ከወለል ያርቃል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መስቀያ ይኑረው። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ የልጆች የትምህርት ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ አይጥ በማይደርስበት አንድ ቦታ ይቀመጥ። ቦታውንም ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው። አሁን ማንበብ ስለቻላችሁ ወረቀቱ የቱ የቱ እንደሆነ ከላዩ ጻፉበት።

ለጠየቁን እናት የሰጠናቸው መልስ ይህ ነው። «እማማ፣ ትልቅ ሣጥን አይስደዱ፤ ቦታ የለውም። የሚለዋውጠው ልብስና አንድ ጋቢ ይበቃዋል። በሶና ዳቦ ቆሎ ቢልኩለት ክዳኑ በሚጠብቅ ቆርቆሮ ያድርጉት፤ አለዚያ አይጥ ይጠራበታል። ከሁሉ በፊት ግን ገና እንደገባ ከጓደኞቹ ጋር ስለ ቦታው እንዲነጋገር ይምከሩት። እኛ የተነጋገርነው ጋቢው ከተበላሸ በኋላ ነው።»

ያንን ጋቢ ሦስታችን ተጋግዘን 3 ጊዜ አጠብነው። ሽታው ጠፋ። ነጠብጣቡ ግን በአንደኛው ጫፍ ቀረ። ልጁ ያንን ጫፍ ወደ ውስጥ አድርጎ ይለብሰዋል። ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድም እናቱ እንዳያዩበት ጋቢውን እኛ ዘንድ ትቶት ሄደ። እኛም ፀሐይ እያስመታን ጠበቅነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጋቢውን ያበላሸው ምንድን ነው? ማነው ጥፋተኛው?
2. 6 ስንዝር ስፋት ያለው ሣጥን ለ4 ሰው ቢካፈል ለአንዱ ስንት ጣት ይደርሳል?
3. በቤታችሁ የግብር ደረሰኝ የት ይቀመጣል? ከእናንተ ሌላ ቦታውን የሚያውቅ ማነው?