ብርድ የሚያስረሳት ፀሐይ

ከሮቤ ተነሥቶ በጎባ በኩል ወደ ሳኔቲ የወጣ መንገደኛ ሁሉ የሚያማርረው ብርዱን ነው እንጂ ፀሐይዋን አይደለም። እኛም የገብሱን ማሳ አልፈን ከፍ ስንል ያየነው ፈረሰኛ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነበር። ዳሩ ግን ያች ሙቀት የሌላት የምትመስል ፀሐይ ቆዳን በመጉዳት ከቆላዋ ትብሳለች። ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እየበረታ ይሄዳልና፤ የቱሉ ዲምቱ ራስ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው።

ይህን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። «ኪንታሮት የሚያበቅለው ቫይረስ የቆዳ ነቀርሳ ያመጣልን?» ለሚል አንባቢ መልሱ ከዚሁ ጨረር ጋር የተያያዘ ነው።

ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚባለው ተሐዋሲ ከ200 በላይ ዓይነት አለው። ብዙ ሰው በቆዳው ይዞት ሳይታመም ይኖራል። በእጅና በእግር የሚወጣው ተራ ኪንታሮትም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋልና ያየው ሁሉ ሊደነግጥ አይገባም።

ነገር ግን በ1922 እ.ኤ.አ. ሌቫንዶቭስኪና ሉትዝ የተባሉ ሐኪሞች በዘር የሚወረስ አንድ ብርቅ የቆዳ ሕመም ገለጹ። ሕመምተኞቹን ከልጅነታቸው ጀምሮ የማይጠፋ ኪንታሮት ይወርሳቸዋል፤ ከዓመታት በኋላም ብዙዎቹን ነቀርሳ ያገኛቸዋል፤ እርሱም በተለይ ፀሐይ በሚያርፍበት በግንባርና በእጅ ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጨረሩ የሕዋሱን የዘር መልእክት ያበላሻል። ጤነኛ ሕዋስ ጉዳቱን ይጠግናል፤ ካልቻለም ይሞታል። ቫይረሱ ግን ጥገናውንም ሞቱንም ስለሚያሰናክል የተበላሸው ሕዋስ ቆይቶ ይራባል። በሌላው ሕዝብ ዘንድ የቫይረሱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። በኤች አይ ቪ ወይም ለተተከለ ኩላሊት በሚወሰድ መድኃኒት የመከላከል ኃይሉ የደከመ ሰው ግን ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ጥቁር ቆዳ ጋሻ ስለሆነ የቆዳ ነቀርሳ በእኛ አገር እንደ ፈረንጅ አገር አይበዛም። ሆኖም ይህ ጋሻ አልቢኒዝም ላለባቸው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አልተሰጠም። በሌላውም ሰው ላይ ቢሆን ነቀርሳው በቆየ የእሳት ጠባሳና በማይድን ቁስል ላይ ሊነሣ ይችላል። ብርዱ ሰውን ሁሉ ወደ ምድጃ በሚያስጠጋበት ደጋ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት የማኅፀን በር ነቀርሳን ለመከላከል የታሰበ ነው። ጠቃሚነቱ የማያጠራጥር ቢሆንም በተጠቀሰው የዘር ሕመም ውስጥ ነቀርሳ ከሚያመጡት የቫይረሱ ዓይነቶች ያድናል ተብሎ መታመን የለበትም።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደ ባሌ የሚመለሰው ተማሪና ለሥራ የሚላከው ወጣት ሹም አንድ ምክር ይዘው ይሂዱ። ፀሐይ የሚጎዳው ሰው ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ አይለየው። ሳምንታት አልፈው ያልዳነ፣ የሚደማ ወይም የሚያድግ ቁስል ያለበትም ወደ ጎባ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርበው ሐኪም ይሂድ። በጊዜ የተደረሰበት የቆዳ ነቀርሳ አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ ይድናል። በነጠላ ጫፍ ተሸፍኖ የከረመው ግን ሐኪም ፊት የሚቀርበው ከረፈደ በኋላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ነው።