የፈረስ ገበያው ፈረስ የት ሄደ?

ከባቢሌ፣ ከፈዲስ ወይም ከኮምቦልቻ ሐረር ገበያ የወጣ ሰው ፈረስ መጋላን ያውቀዋል። በጀጎል ግንብ ውስጥ መሐል ላይ ያለው አደባባይ ነው። ከግንቡ በሮች የሚመጡት ዋና ዋና መንገዶች እዚያ ይገናኛሉ። ባጃጅ አለ፤ ታክሲ አለ፤ ሻጭና ገዢ አለ። ፈረስ ግን የለም። ታዲያ ስሙ ከየት መጣ?

ስሙን እናንብበው

በሐረሪ ቋንቋ «መጋላ» ማለት ገበያ ነው። ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። በአቅራቢያው ጊደር መጋላ አለ። በአማርኛ ጊደር ገና ያልወለደች ላም ናት። ስለዚህ የከብት ገበያ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በሐረሪ «ጊደር» ትልቅ ማለት ነው። ጊደር መጋላ ትልቁ ገበያ ነው።

ፈረስ በዚያ ዘመን

በዚያ ዘመን ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። ፈረስ ግን ለጦርነት፣ ለክብርና ለፈጣን መልእክት ነው። ፈረስ ደግሞ በወሬ አይገዛም። ገዢው ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል። ሰኮናውን ይመረምራል። ከዚያም አስጋልቦ ትንፋሹን ይሰማል። ሳያስሮጥ የገዛ ይቆጨዋል።

አደባባዩ ያየው

በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ሐረርን ያዘ። በአደባባዩም መስጊድ ሠራ። በ1877 ዓ.ም. ለቆ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ከተማዋን ያዙ። በጨለንቆ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በመስጊዱ ቦታ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ለጨለንቆ ሰማዕታትም በአደባባዩ ላይ መታሰቢያ ቆሟል። ሁለቱም ትዝታዎች በአንድ አደባባይ ይኖራሉ።

ፈረሱን ማን ወሰደው?

ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር መጀመሪያ በሐረር እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ተራራው ግን አስቸገረ። ሐዲዱ በቆላው አልፎ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ንግዱም ሐዲዱን ተከትሎ ወረደ። የሐረር ቅፍለት እየሳሳ ሄደ። ቀጥሎ መኪና መጣ። ለመኪና የሚሆን ሰፊ በር በግንቡ ላይ ተከፈተ። ከዚያ በር እስከ ፈረስ መጋላ መኪና ገባ። ፈረሰኛውም ከአደባባዩ ጠፋ። ስሙ ብቻ ቀረ።

ዛሬም ስም ይወለዳል

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ ስትሄዱ ጠባቧን የልብስ ሰፊዎች መንገድ ታገኛላችሁ። ስሟ መኪና ግርግር ይባላል። መኪናው የስፌት መኪና ነው፤ ግርግሩም ድምፁ ነው። ነገ የስፌት መኪናው ቢቀር እንኳ ልብስ ሰፊዎቹ እዚያ እንደነበሩ ስሙ ይመሰክራል።

ስም የሥራ መዝገብ ነው። ነገር ግን ትርጉሙን የሚያውቀው ሽማግሌ ሲሞት መዝገቡ ይዘጋል። እናንተ አሁን መጻፍ ችላችኋል። የመንደራችሁ፣ የወንዛችሁና የገበያችሁ ስም ከየት እንደመጣ አባቶችንና እናቶችን ጠይቁ። የነገሯችሁንም በደብተር ጻፉት።

ጥያቄ
1. ጊደር መጋላ ማለት ምን ማለት ነው?
2. ፈረስ ገዢ ምን ምን ይመረምራል?
3. ባቡሩ ሐረር ያልደረሰው ለምንድን ነው?