ማጅራት ገትር እና የመጀመሪያው መርፌ

በደረቁና አቧራማው በጋ፣ በተጨናነቀ መጠለያ፣ የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን ሽፋን የሚያጠቃው ማጅራት ገትር በቀላሉ ይዛመታል። በ1981 ዓ.ም. የተነሣው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን አሳምሟል።

ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ትውከትና የማጅራት መገተር ዋና ምልክቶቹ ናቸው። በሕፃናት ላይ ግን ስሙ ያሳስታል፤ ማጅራታቸው ላይገተር ይችላል። የእርግብግቢት መነፋት፣ ጡት እምቢ ማለትና መፍዘዝ ሊጤን ይገባል።

እንደ አዲስ ዓለም ካለ ደጋ ወደ ቆላ ሰፈራ የወረደ ሰው ሲያተኩሰው «ወባ ነው» ይባላል። በደሙ ወባ ቢገኝ እንኳ ማጅራት ገትር የለበትም ማለት አይደለም። ቁርጡ የሚታወቀው ከወገብ በመርፌ በሚቀዳው ፈሳሽ ነው፤ የጤነኛው እንደ ውኃ የጠራ ሲሆን የበሽተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይደፈርሳል። ይህ ምርመራ በማይገኝበት ጤና ጣቢያ ባለሙያው የመጀመሪያውን የሴፍትሪያክሶን መርፌ ወግቶ በሽተኛውን ወደ ሆስፒታል ይልካል። መኪና እስኪመጣ መርፌውን ማዘግየት ነፍስ ያስከፍላል።