ፍላሽ አውቶቡስ ሲሳፈር

ገና ጎሕ ሳይቀድ ከአውቶቡስ ተራ የሚንቀሳቀሰው ጭነት ሁሉ ጣራ ላይ የሚታሰር አይደለም። በተሳፋሪ ደረት ኪስ ወይም በረዳት እጅ ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ፍላሽና ሚሞሪ አለ። ውስጡ የሠርግ ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመሥሪያ ቤት ሰነድ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው የሟች አባት ፎቶ ይኖራል።

ይህን መንገድ ኋላ ቀር ነው የሚል ሰው ስሌቱን ይሥራው። 40 ጊጋባይት የሆነ የሠርግ ቪዲዮ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለመላክ፣ መስመሩ አንድም ጊዜ ሳይቋረጥ፣ ወደ 18 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ከዚያ በፊት ዓባይን ተሻግሮ ገብቷል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ ደግሞ ሌላ አማራጭ አልነበረም።

ጭንቁ የሚመጣው ፍላሹ በሰላም ደርሶ ፋይሉ አልከፈት ሲል ነው።

ትልቅ ፋይል ብዙ ጊዜ የሚጫነው ተቆራርጦ ነው። አንደኛው ምክንያት ፋት 32 የሚባለው ፎርማት ነው። 32 ጊጋና ከዚያ በታች የሆኑ ፍላሾችና ሚሞሪ ካርዶች በአብዛኛው የሚሸጡት በእርሱ ተሰናድተው ሲሆን፣ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከሞላ አይቀበልም። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» እያለ የሚመልሰው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ቴሌግራም ነው፤ ያለ ክፍያ የሚያስተላልፈው ፋይል ከ2 ጊጋ አይበልጥም። ስለዚህ የ40 ጊጋው ሠርግ 20 ቁራጭ ይሆናል።

መቁረጥ ብቻውን ግን አደጋን ያበዛል። እያንዳንዱ ቁራጭ የመጥፋት ወይም የመበላሸት ዕድሉ ከመቶ አንድ ብቻ ነው እንበል። ሃያውም ደኅና የመድረስ ዕድላቸው ወደ 82 በመቶ ይወርዳል፤ አንድ ከጎደለ ደግሞ ቪዲዮው ሙሉ አይሆንም። በሃያው ላይ ሁለት የመጠገኛ ቁራጮች ቢታከሉና ከ22ቱ የትኞቹም ሁለት ቢጠፉ ሥራው የሚድን ቢሆን፣ ዕድሉ ከ99.8 በመቶ በላይ ይደርሳል። አሥር በመቶ ትርፍ ቦታ ይህን ያህል ይገዛል። ሰው የማሸጊያ ፎርማት ሲመርጥ ስንት ያሳንስልኛል ብሎ ነው የሚጠይቀው። መንገድ ለሚወጣ ፋይል እኔ የማስቀድመው ግን ሲጎዳ ምን ይሆናል የሚለውን ነው።

ሁሉም የሚያውቀው ዚፕ ነው። አሜሪካዊው ፊል ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1989 አወጣው፤ ዛሬ ዊንዶውስም ስልክም ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይከፍተዋል። የትኛው ፋይል የት እንደሚጀምር የሚናገረው የዚፕ ማውጫ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። አውቶቡሱ ሊወጣ ነው ተብሎ ፍላሹ ኮፒ ሳይጨርስ ከተነቀለ፣ ወይም መብራት ከጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጎድለው ያ ማውጫ ነው፤ ከመቶው 98ቱ ቢደርስም ፕሮግራሙ «ተበላሽቷል» ይላል። ደግነቱ እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው የታመቀ ነው፤ ከፊቱም ስሙንና መነሻውን የሚያመለክት አጭር መግለጫ አለ። የጥገና ፕሮግራም ከመጀመሪያው ተነሥቶ እነዚህን እየለቀመ ማውጫውን እንደገና ያቋቁማል። ከ500 ፎቶ ጉዳት የነካው አንዱን ብቻ ከሆነ 499ኙ ይወጣሉ። የተጎዳውን ግን ዚፕ አይመልሰውም፤ በውስጡ ያለው ሲአርሲ የተባለ ማመሳከሪያ ቁጥር ጉዳት መኖሩን ይናገራል እንጂ የጠፋውን አያውቅም።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ዚፕ ሌላም ጣጣ ነበረው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዚፕ የፋይል ስምን በዩኒኮድ እንዲጽፍ ደንብ የወጣለት በ2006 ነው። በቆየ ፕሮግራም የታሸገ «የእማማ ተዝካር» የሚል ፎልደር ሲከፈት የጥያቄ ምልክትና ትርጉም የለሽ ቅርጽ ሆኖ የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ሌሎቹ ፎርማቶች፣ ሰቨን ዚፕና አዲሱ ራር፣ ስሙን በዩኒኮድ ስለሚጽፉ በዚህ አያስቸግሩም።

ሰቨን ዚፕ የኢጎር ፓቭሎቭ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፣ ነጻ ነው፣ ጽሑፍና ሰነድ በማሳነስ ከዚፕ እጅግ ይበልጣል። ያን ያህል የሚያሳንሰው ግን ብዙ ፋይሎችን አንድ ላይ አዋሕዶ ስለሚያምቅ ነው። በመካከል አንድ ቦታ ጉዳት ቢደርስ ከዚያ በኋላ ያሉት አብረው ይጠፋሉ። ማውጫው እንደ ዚፕ መጨረሻ ላይ ነው፤ የመጠገኛ መረጃ የለውም። ሲቆርጥም 001፣ 002 እያለ ፋይሉን እንዲሁ ይቆራርጠዋል እንጂ ቁራጮቹ ለየብቻቸው ምንም አይደሉም። የሊኑክስ ሰዎች የሚወዱት ታር ጂዚፕም በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል የለውም። ሁለቱንም ቤት ውስጥ ለማስቀመጥ ተጠቀሙባቸው፤ ብቻቸውን መንገድ አታውጧቸው።

ራር የተለየው እዚህ ላይ ነው። ሩሲያዊው ዩጂን ሮሻል እ.ኤ.አ. በ1993 የሠራው ይህ ፎርማት ለጥገና የታሰበ ቦታ አለው። የራር ማሸጊያ ፕሮግራም በሆነው በዊንራር መስኮት ላይ «አድ ሪከቨሪ ሪከርድ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እርሷ ከተመረጠች በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ የመጠገኛ መረጃ ይጨመራል፤ ካልቀየርነው መጠኑ 3 በመቶ ነው፣ ማሳደግም ይቻላል። ይህ እዚህም እዚያም ለተጫረ ቁራጭ ነው። አንድ ቁራጭ እስከነአካቴው ሲጠፋ ግን የሚያድነው «ሪከቨሪ ቮልዩም» የሚባለው፣ በስሙ ጫፍ ሬቭ የሚል የተጻፈበት ለብቻው የሚቀመጥ ፋይል ነው። አንድ ሬቭ የትኛውንም አንድ የጎደለ ቁራጭ ይተካል፤ ሁለት ሬቭ ሁለቱን። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አድርጎ የሁለተኛውንም ያገኘ ይመስለዋል። ሁለቱ የሚያድኑት የጉዳት ዓይነት ለየቅል ነው።

የጎደለው ቁራጭ የትኛውም ይሁን፣ አንድ ሬቭ እንዴት ሊተካው ይችላል? ስሌቱ ውብ ነው። 7፣ 5 እና 9 የተባሉ ሦስት ቁጥሮች አሉን እንበል፤ ድምራቸውን 21ን አብረን ላክን። አንዱ ቢጠፋ ከ21 ቀንሰን እናገኘዋለን። ሁለት ቢጠፉ ድምሩ ብቻ አይበቃም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ ሦስተኛውን በ3 አባዝተን ደምረን 44ንም እንላክ። አሁን 5ና 9 መንገድ ላይ ቀሩ። 7ን ከ21 ስንቀንስ የሁለቱ ድምር 14 ነው፤ 7ን ከ44 ስንቀንስ የአንዱ እጥፍና የሌላው ሦስት እጥፍ 37 ነው። የ14 እጥፍ 28 ከ37 ሲነሣ 9 ይቀራል፤ ሌላኛው 5 መሆን አለበት። በተጨመረው ስሌት ልክ የሚመለሰው ቁጥር ይበዛል።

ይህን ሐሳብ ለኮምፒውተር በሚስማማ የሒሳብ ሥርዓት ያስቀመጡት ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለመን ናቸው፤ ሁለቱም በኤምአይቲ ሊንከን ላቦራቶሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1960 አሳተሙት። የተጫረ ሲዲ ሳይቆራረጥ የሚጫወተው፣ ቮየጀር 2 ከዩራነስና ከኔፕቲዩን የላከችው ምስል ምድር ላይ የተነበበው በእርሱ ነው። መርካቶ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የክፍያ ኪውአር ኮድ በከፊል ቢላጥም ስልክ የሚያነበው በዚሁ ስሌት ነው።

ፓር 2 ይህንኑ ስሌት ብቻውን ይዞ የቆመ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው የፓር ተከታይ ሲሆን አያሽግም፣ አያሳንስም፤ ዋናውን ፋይል ሳይነካ ከጎኑ የመጠገኛ ፋይሎች ይሠራል። ፋይሉ ዚፕ፣ ሰቨን ዚፕ ወይም ያልታሸገ ቪዲዮ ቢሆን ግድ የለውም። ሥራውን እስከ 32,768 በሚደርሱ ትናንሽ ብሎኮች ከፍሎ ስለሚይዘው፣ አሥር ብሎክ ከተጎዳ አሥር የመጠገኛ ብሎክ ይበቃል፤ ጉዳቱ የት እንደደረሰ ለውጥ የለውም። ለዊንዶውስ መልቲፓር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። እኔ እንደማየው ለረጅም ጊዜ ማከማቻ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ለአውቶቡስ መንገድ ግን ተቀባዩም ፕሮግራሙ ሊኖረው ይገባል፤ 40 ጊጋ ለማስላትም ደከም ባለ ላፕቶፕ ረጅም ሰዓት ይወስዳል።

ስለዚህ ለዚያ ሠርግ ምርጫዬ ራር ነው። ቪዲዮ ሲቀረጽ ቀድሞ የታመቀ ስለሆነ ዊንራር እንደገና ቢያምቀው ሰዓት ይበላል እንጂ አይቀንስም፤ «ስቶር» የሚለውን መርጦ ሳያሳንሱ ማሸግ ይሻላል። 20 ቁራጭ፣ በየውስጡ የመጠገኛ መረጃ፣ ከዚያም ሁለት ሬቭ። ሬቮቹን ከቁራጮቹ ጋር በአንድ ፍላሽ መጫን ግን ከንቱ ነው፤ ፍላሹ ከጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። በሌላ ፍላሽ፣ በሌላ ሰው እጅ ይሂዱ።

ስለ ፍላሹ ራሱም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነውና። 64 ጊጋ ተብሎ የተጻፈበት፣ ኮምፒውተርም 64 ነው ብሎ የሚያሳየው፣ ውስጡ ግን 8 ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሽ በዓለም ገበያ ሁሉ ይዞራል። ከ8 በላይ የተጫነው የተጫነ ይመስላል፤ የለም። እንዲህ ያለውን ጉዳት 3 በመቶም 10 በመቶም አይጠግነውም። አዲስ ፍላሽ ሲገዛ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በተባለው ነጻ ፕሮግራም እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው መፍትሔው። ሰዓት ይፈጃልና ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ይደረግ። ኮፒው ካለቀ በኋላም ፍላሹን በደንቡ አስወጥቶ፣ መልሶ ሰክቶ፣ ከፍላሹ ላይ በቀጥታ የዊንራርን «ቴስት» መጫን ይገባል።

ተቀባዩ ዘንድ ፋይሉ አልከፈት ካለ ፍላሹን ፎርማት አያድርግ፣ ምንም አይጻፍበት። የሚነበቡትን ቁራጮችና ሬቮቹን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ አንድ ፎልደር ይገልብጥ፤ መጀመሪያ የተጫሩት በ«ሪፔር» ይጠገኑ፣ ቀጥሎ የጎደሉት በሬቮቹ ይተኩ። ዊንራር የጠገነውን ፋይል ስም «ፊክስድ» ብሎ ከጀመረ የመጠገኛ መረጃውን አግኝቶ ተጠቅሟል። «ሪቢልት» ካለ ግን ላኪው ያችን ትንሽ ሳጥን ሳይመርጥ ቀርቷል፣ ወይም ጉዳቱ ከመጠገኛ መረጃው አቅም በላይ ሆኗል፤ የተገኘው በቅሪቱ የተቀጣጠለ ነው፣ የጎደለው ክፍል እዚያ ውስጥ የለም። ያኔ ወደ አዲስ አበባ ደውሎ ዋናው ቅጂ ከስቱዲዮው ኮምፒውተር እንዳይጠፋ ማስጠንቀቅ ይቀድማል።