ለሞተው ለቅሶ፣ ለቀረው ድልድይ
በሀዲያና በከምባታ ከተሞች የመከራና የሕይወት ትርጉም ዳሰሳ

የቪየናው ሐኪም ቪክተር ፍራንክል ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች ተርፎ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው የሕይወቱን ትርጉም በሥራ፣ በፍቅር፣ እንዲሁም የማይቀር መከራን በሚቀበልበት መንፈስ እንደሚያገኝ አስተምሯል። ሊወገድ የሚችለውን መከራ ግን ማስወገድ ይቀድማል ብሏል። የሀዲያዋ ሆሳዕናና የከምባታዋ ዱራሜም ለዚሁ የመከራና የትርጉም ጥያቄ የራሳቸው መልስ አላቸው።

የመጀመሪያው መልስ መረዳዳት ነው። ሞት ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። በሁለቱም ሕዝቦች ዘንድ «ሴራ» የሚባል ማኅበራዊ መተዳደሪያ አለ፤ በአማርኛ ተንኮልን የሚያስታውሰው ቃል እዚያ የመረዳዳት ሥርዓት ስም ነው። ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ነገ ደግሞ የሌላውን ቀብር የመድረስ ግዴታ ይጠብቀዋልና፣ ቁስሉ ሳይሽር ለሰው የሚያስፈልግ ሰው ይሆናል።

ሁለተኛው መልስ እምነት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የውጭ ሚስዮናውያን ከአካባቢው ሲወጡ ገና ለጋ የነበረችው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በአገሬው አማኞች እጅ ቀረች። መሪዎቿ ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ ምእመኑ ግን በዛ። በደርግ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉም ያ ትዝታ ስንቅ ሆነ።

የዛሬው ፈተና ስደት ነው። የአካባቢው ወጣቶች ለዓመታት በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አቋርጠው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዘዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በዚሁ የደቡብ መስመር፣ በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት፣ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በጫነ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። ልጁ በሩቅ አገር ለቀረበት ቤተሰብ አስከሬን የሌለበት ለቅሶ እጅግ ከባድ ነው፤ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ማለት ብቻውንም አይበቃም፤ ይህ ሞት ሊቀር ይችል ነበርና።

በማይቀረውና ሊወገድ በሚችለው መከራ መካከል ያለውን ልዩነት በሕይወቷ ያሳየችው ከምባታዋ ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ ናት። በልጅነቷ ተገርዛ ከሞት ተርፋለች፤ ውኃ ልትቀዳ የሄደች መስላ በድብቅ ፊደል ቆጥራ እስከ እስራኤልና አሜሪካ ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ጋር «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶፔ» የተባለውን የሴቶች ድርጅት መሠረተች። ሽማግሌዎች ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ እንደቸገራቸው ሲነግሯት፣ አስቀድማ ድልድዩን አሠራች። አመኔታው ከተገኘ በኋላ ስለ ግርዛትና ጠለፋ ወንዱም ሴቱም በግልጽ ተወያየ፤ ግርዛትም በአካባቢው እጅግ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 ስታርፍ በርካታ ልጃገረዶች እሷ ካለፈችበት ስቃይ ድነው ነበር።

ሴራው የተሰበረውን ይደግፋል፤ እምነቱ ያጸናል። የቦጋለች ሥራ ደግሞ ትናንት ያመማት ነገ ሌላዋን እንዳያም መንገድ ከፈተ። ለሞተው ለቅሶ ይገባዋል፤ በሕይወት ለቀረው ድልድይ እንሥራ።